ኦንላይን የገዛሁት የ1887 የምኒልክ ብር ፎርጅድ ይመስላል፤ እንዴት ላረጋግጥ? ገንዘቤንስ ማስመለስ ይቻላል?

የአራት ኪሎው ሰብሳቢ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። የድሮ ገንዘብ በደንብ የምታውቁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ከተማሪነቴ ጀምሮ ሳንቲም እሰበስባለሁ። የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ያለው ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ጥቂት ቤሳዎች፣ አንድ አላድም (የብሩ ግማሽ) አለኝ። ሁልጊዜ የሚጎድለኝ ሙሉው የምኒልክ ብር ነበር። በተለይ ፓሪስ የተመታው የመጀመሪያው፣ የ1887ቱ።

ባለፈው ወር አንድ የኦንላይን መሸጫ ላይ ወጣ። «ከአያቴ ሳጥን የተገኘ፣ መቶ ፐርሰንት ኦርጅናል፣ አስቸኳይ ሽያጭ» ይላል። ፎቶው ሁለት ነው፤ ፊቱና ጀርባው። በ22 ሺህ ብር ተስማማን። ሻጩ በአካል አልመጣም፣ ሞተረኛ ላከ። ዋናው ፖስታ ቤት በር ላይ ተገናኘን። ሞተረኛው «ሳይከፈል እንዳትሰጥ ተብያለሁ» አለኝ። በሞባይል ላክሁና ተቀበልሁ።

ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው ልቤ አልተቀበለውም። «ዳግማዊ» እና «ምኒልክ» መካከል ያለው ሁለት ነጥብ ተጣብቆ አንድ ጭረት ሆኗል። ዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁጥር ፯ ትሁን ፱ አትለይም። የአንበሳው ጎፈር ድፍን ነው፤ አንድ ጸጉር ከሌላው አይለይም። ጠርዙ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች፤ ጥፍር ሲያልፍባት ትሰማለች። በማግስቱ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት አስመዘንሁት። 24.6 ግራም።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ሻጭ ሌላ «የ1887 ብር» ለጠፈ። በዚህኛው «ከእናቴ አጎት የወረስነው» ይላል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከአንበሳው ዘውድ በላይ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብላ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ አለች። የእኔውም ላይ አለች። ቦታው ያው፣ ቅርጿም ያው። ስጠይቀው መልእክቱን አነበበና ብሎክ አደረገኝ።

አሁን የምፈልገው ሐሰተኛ መሆኑን ማንም በማይክደው መንገድ ማረጋገጥ ነው። ከዚያ ገንዘቤን። ብሩ ላይ ጉዳት ማድረስ አልፈልግም፤ ምናልባት ተሳስቼ ቢሆንስ? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የፒያሳው አንጥረኛ

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅህ። ዕድሜዬን የገፋሁት ብር በማቅለጥና በመቀጥቀጥ ነው። የምኒልክ ብርም ጠገራም (የማርያ ትሬዛ ብር) በእጄ ብዙ አልፏል። መስቀልና አምባር ይሠራልን እያሉ የሚያመጡት እኮ ያንኑ ነበር። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ጉድጓዷ ብቻዋን ትበቃለች። ሁለት ብሮች ከ130 ዓመት በላይ በተለያየ ሰው እጅ ዞረው አንድ ዓይነት ቁስል እዚያው ቦታ ላይ ሊኖራቸው አይችልም። የሆነው እንዲህ ነው፦ ሰውየው ወይም የሸጠለት ሰው አንድ እውነተኛ ብር አግኝቷል። ያ ብር ጉድጓድ ነበረው። ፎርማ (የቀለጠ ብረት የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ሲወሰድበት ጉድጓዷም አብራ ገባች። ከዚያ ፎርማ የሚወጣው ሁሉ ያችን ጉድጓድ ይዞ ይወጣል። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ አስቀምጥ፤ ከማንም ምስክር ይበልጣል።

ወደ ክብደቱ ልምጣ። የምኒልክ ብር ሲመታ ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነው፤ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ። ብሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 83.5 በመቶ ነው፣ ቀሪው መዳብ። እርግጥ ሲሠራበት የኖረ ገንዘብ ይሳሳል። ግን የሚሳሳው ከላይ ነው፤ ፊደሉ፣ የንጉሡ ጉንጭ፣ የአንበሳው ትከሻ። ሦስት ግራም ተኩል የጎደለው ብር ፊቱ ልሙጥ መሆን ነበረበት። ያንተው ፊደሉ ከፍ ብሎ ቆሞ ሳለ ክብደቱ ጎድሏል። ስለዚህ የጎደለው ከላዩ ተፍቆ አይደለም። ከውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው።

አሁን ውስጡ ምን እንደሆነ ሳትቧጭረው እወቅ። የወርቅ ሚዛን ያለው ወዳጅ ካለህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገባው። የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። አረፋ ከያዘ ነቅነቅ አድርገህ አራግፈው። ክሩን በእጅህ እንደያዝህ ሚዛኑን አንብብ። የሚያሳይህ ቁጥር ብሩ የገፋው ውኃ ነው። የብሩን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍል።

እውነተኛ ከሆነ 28.07 ግራሙ 2.75 ያህል ውኃ ይገፋል፤ ሲካፈል 10.2 አካባቢ ይመጣል። መዳብ ከሆነ 9 ገደማ ነው። ነሐስ ከሆነ ደግሞ 8 ተኩል። ብር የተቀባ መዳብ ከላዩ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ውኃ ውስጥ ግን መዳብነቱን መደበቅ አይችልም።

ማግኔትም ሞክር፤ ግን ብዙ አትመነው። ማግኔት ከሳበው ነገሩ አለቀ፣ ብረት አለበት ማለት ነው። ካልሳበው ግን ገና ምንም አላረጋገጥህም። መዳብም ነሐስም በማግኔት አይሳቡም። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው። ሻጩ በቪዲዮ ማግኔት አስጠግቶ «ይኸው አልሳበውም» ይልና ገዢው ይረካል።

አንድ ነገር አደራ። ማንም ሰው አሲድ እንዲያንጠባጥብበት ወይም በመፈተኛ ድንጋይ እንዲፈትግልህ አትፍቀድ። ይኼኛው ሐሰተኛ ቢሆን እንኳ ማስረጃህ ነው። ነገ ሌላ ስትገዛ ደግሞ እውነተኛ ሆኖ ይገኝና አንድ ጭረት ግማሽ ዋጋውን ይወስድብሃል። በሎሚና በአመድ የሚያሹትም አሉ፤ ለጌጥ እንጂ ለሰብሳቢ አይሆንም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ

ወንድሜ ለምን ራስህን ታደክማለህ? ፖሊስ፣ ሚዛን፣ ውኃ... ቸርችል ጎዳና ይዘኸው ውጣና ለሆነ ቱሪስት ሽጠው። እሱም «የምኒልክ ገንዘብ» ብሎ አገሩ ይሰቅለዋል፣ አንተም ገንዘብህን ታወጣለህ። ሁሉም ደስተኛ።

የፒያሳው አንጥረኛ

እንዲህ ያለውን ምክር ለማንም አትስጥ፣ ልጄ። እንግዳ ሰው አገራችን መጥቶ የምኒልክን ስም አምኖ ሲገዛ መዳብ እንስጠው? ቸርችል ላይ በሐቅ የሚሠሩ፣ ዘመን የቆጠሩ ሱቆች አሉ። አንድ ሰው ሐሰተኛ ባስገባ ቁጥር ገዢ የሚሸሸው ከሁሉም ነው። አንጥረኛ ሆኜ የተማርሁት የመጀመሪያ ነገር ነሐሱን ነሐስ፣ ብሩን ብር ብሎ መሸጥ ነው። ነሐስ መሸጥ ነውር የለውም። ነውሩ በብር ስም መሸጥ ነው።

አራዳ ጠበቃ

ጋሼ ልክ ናቸው፤ በሕጉም እንደዚያው ነው። አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም «አስመስሎ የተሠራ ነው» ብሎ የሸጠ ሰው አላታለለም። እያወቀ «ኦርጅናል» ብሎ የሸጠ ግን አታሏል። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሥር ይወድቃል። እና ጠያቂው አሁን እያወቀ ለቱሪስት ቢሸጠው በተመሳሳይ አንቀጽ የሚጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ያንን መንገድ ይርሳው።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሳ። ነገ ሊያጠፋው ይችላል። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ፣ ሁለተኛውን ማስታወቂያ፣ የአካውንቱን ስም፣ የተጻጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች። ብሎክ ያደረገህ አንተን ስለሆነ ሁለተኛው ማስታወቂያ በሌላ ሰው ስልክ ይታይ እንደሆነ ሞክር። የክፍያ ደረሰኙን ከነ ማጣቀሻ ቁጥሩ አትም። የሞተረኛው ስልክ ቁጥር ካለህ ያዘው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻጩን በአካል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሞተረኛው ተላላኪ ሊሆን ስለሚችል ግን አትጣላው፤ እንደ ምስክር ነው የምትፈልገው።

ከዚያ ገንዘቡን የከፈልህበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ አመልክት። አቤቱታህ ውስጥ ሁለቱ ማስታወቂያዎች መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሸጦ ቢሆን «እኔም ከአያቴ ነው ያገኘሁት፣ አላውቅም ነበር» ማለት ይችል ነበር። ሁለት የተለያየ የውርስ ታሪክ ያለው፣ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ያለበት ሁለት ብር ሲገኝ ግን ያንን ማለት ይከብደዋል። ጋሼ የነገሩህን የሚዛንና የውኃ ፈተና በሰው ፊት አድርገው። የመዘነልህ ሰው በወረቀት ላይ ጽፎ ይፈርምልህ። ገንዘቡ ወደገባበት ተቋምም በጽሑፍ አሳውቅ። ወዲያው ይመልሱልሃል ማለቴ አይደለም፤ ግን ፖሊስ ሲጠይቅ መዝገቡ አስቀድሞ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ንዴት ይገባኛል፣ ግን የሰውየውን ስምና ፎቶ «ሌባ» ብለህ እንዳትለጥፍ። በዚያ በኩል እሱ ከሳሽ፣ አንተ ተከሳሽ ትሆናለህ። ሰውን ማስጠንቀቅ ከፈለግህ የሁለቱን ብሮች ፎቶ ለጥፍ። ብሩ ራሱ ይናገራል።

ገንዘቡን ሰውየው በፈቃዱ ሊመልስልህ ይችል ይሆናል። ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ካሳ አብረህ መጠየቅ ትችላለህ። ጊዜ ይወስዳል። ቢሆንም አቤቱታህን አስገባ።

የጠገራ ወዳጅ

ጠያቂው ስለ ምኒልክ ብር ቢሆንም ስለ ጠገራ (ማርያ ትሬዛ) አንድ ነገር ልጨምር። ኦንላይን ላይ ብዙ ሰው የሚከስረው በእሷ ነው፤ ያውም ሐሰተኛ ባልሆነችው።

ጠገራ ላይ ሁልጊዜ 1780 ተብሎ ነው የተጻፈው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ቀጠሉ። ቪየና መታች። በ1935 (በዚያው አቆጣጠር) ሙሶሎኒ ለወረራው ገንዘብ ሲያስፈልገው የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም መትተዋል። ቪየና ዛሬም ለሰብሳቢ ትመታለች። ስለዚህ «የ1780፣ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት» ተብላ በትልቅ ዋጋ የምትቀርበው ጠገራ እውነተኛ ብር ሆና ቅርብ ጊዜ የተመታች ልትሆን ትችላለች። ብርነቷ እውነት ነው፣ ዕድሜዋ ግን ውሸት። የብሯን ዋጋ ክፈሉ፣ የዕድሜ ዋጋ አትክፈሉ።

የጃንሆይ ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። 1936 የሚለው ዓመተ ምሕረት ለብዙ ዓመት ሳይቀየር ነው የተመታው። የመዳብ አሥር ሳንቲም ይዞ «የ1936 ብርቅዬ» ብሎ ሺህ ብር የሚጠይቅ ካለ ሳትጣሉ እለፉት።

ሐሰተኛ ጠገራም እርግጥ አለ። ጠርዟን እዩ። ዙሪያውን በላቲን ፊደል «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፍትሕና ምሕረት እንደ ማለት ነው፣ የንግሥቲቱ መፈክር። ፊደሎቹ ከጠርዙ ከፍ ብለው የወጡ ናቸው። በፎርማ የፈሰሰች ሐሰተኛ እዚህ ላይ ነው የምትጋለጠው። ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ወይም ሁለቱ የፎርማ ግማሾች የተገጣጠሙበት መስመር በመሐላቸው ያልፋል። ለዚህ ነው ሻጭ የፊትና የጀርባ ፎቶ ብቻ ሲልክልኝ የጠርዙን ፎቶ የምጠይቀው። እውነተኛ ሻጭ በደቂቃ ያነሳዋል። ሌላው «ብርሃን የለም፣ ካሜራዬ ተበላሽቷል» ይላል።

ከውጭ አገር ገበያ ለምትገዙ ደግሞ፦ ኢቤይ ላይ አስመስለው የተሠሩ ሳንቲሞችን መሸጥ ከ2012 ጀምሮ ክልክል ነው (የእነሱ አቆጣጠር)። በአሜሪካ ደግሞ በ1973 የወጣ ሕግ አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ላይ «ኮፒ» የሚል ቃል እንዲታተም ያስገድዳል። ሕግ አለ ማለት ግን ሐሰተኛ አይገባም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ሐሰተኛ ከደረሳችሁ በጊዜ ገደቡ ውስጥ አመልክታችሁ ገንዘባችሁን ለማስመለስ መከራከሪያ ይሆናችኋል። እኛ ሰፈር በሞባይል ቀድሞ የተላከ ገንዘብ ግን ይህ ዋስትና የለውም። ስለዚህ በአካል፣ በሚዛን ፊት፣ ከዚያ ክፍያ። ለሻጩም ይሻለዋል።

የአራት ኪሎው ሰብሳቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ያ የወርቅ ቤት ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ ብርጭቆውንም ውኃውንም ራሱ አዘጋጀ። ክብደቱን ደግመን መዘንነው፤ 24.6። ውኃ ውስጥ ሲገባ 2.75 አሳየ። ሲካፈል 8.95 መጣ። ባለቤቱ አላመነም፣ ክሩን ቀይሮ ደገመው። ያው ነው። በካሊፐር ሲለካ ስፋቱ 39.5 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ውፍረቱ ደግሞ ከጠበቅሁት በለጥ ይላል። ወረቀት ላይ ጽፎ ፈርሞልኛል።

ስክሪንሾቶቹን በጓደኛዬ ስልክ አገኘሁ። ሁለተኛው ማስታወቂያ አሁንም አለ። ነገ ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ብሩን ምን ላድርገው? መጣልም ከበደኝ።

የፒያሳው አንጥረኛ

8.95 መዳብ ነው ልጄ፣ አለቀ። የውኃውን መጠን ተመልከተው፤ 2.75። እውነተኛው ብር የሚገፋው ያንኑ ነው። መጠኑ ተመሳሰለ፣ ብረቱ ግን መዳብ ስለሆነ ሦስት ግራም ተኩሉ ጎደለ። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ስፋቱ ከእውነተኛው ግማሽ ሚሊ የጎደለው ለዚያ ይመስለኛል፣ እነሱም ውፍረት ጨምረው አካካሱት።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሁሉም ሐሰተኛ እንዲህ በቀላሉ አይያዝም። እርሳስ ከብር ይከብዳል። እርሳስና ቆርቆሮ በልኩ የቀላቀለ ሰው ውኃውንም ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ሚዛን ብቻ፣ ወይም ውኃ ብቻ፣ ወይም ማግኔት ብቻ አይበቃም። ሁሉንም አድርግ፣ ከዚያ ፊደሉን በመነጽር አንብብ። ፎርማ የሚሸነፈው በፊደል ነው፤ ሁለት ነጥቡ ላይ ያየኸው ያ ነው። ዓይንህን ማለማመድ ከፈለግህ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግባ። እውነተኛ ሳንቲም አለ። መስታወቱ ጋ ቆመህ ደጋግመህ እይ። እውነተኛውን ያልጠገበ ዓይን ሐሰተኛውን አይለይም።

ብሩን አሁን አትንካው። ማስረጃ ነው፣ ከፖሊስ እጅም ሊገባ ይችላል። ከተመለሰልህ ወደ እኔ ይዘኸው ና። መምቻ ብረት አለኝ። ከአንበሳው እግር ሥር «ኮፒ» ብዬ እመታበታለሁ፣ ከዚያ ስብስብህ ውስጥ ከእውነተኛው ጎን አስቀምጠው። ለልጆች ማስተማሪያ ይሆናል። እንዳለ ከተውከው ግን አንድ ቀን ከቤትህ ይወጣና «ከአባቴ ሳጥን» ተብሎ እንደገና ይሸጣል።

የአራት ኪሎው ሰብሳቢ

እሺ ጋሼ፣ ይዤው እመጣለሁ። አላዱም አሁን አጠራጠረኝ፤ አብሬ ላምጣው?

የፒያሳው አንጥረኛ

አምጣው። ከመምጣትህ በፊት ግን መዝነው። የብሩ እኩሌታ ነው፤ ደህና ሆኖ ከቆየ 14 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ክብደቱ እንዲያ ሆኖ ውኃውም 1.4 አካባቢ ካሳየህ በሰላም ተኛ።